ቤታ ዓሣችሁ እንዳይሞትባችሁ፦ ከውሃ ዝግጅት እስከ ዕለታዊ ጨዋታ

ቤታ ዓሣ ገዝተው በሁለት በሦስት ሳምንት የሚሞትባቸው ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። ቅዳሜ ዓሣው ይገዛል፤ ያኑ ዕለት የቧንቧ ውሃ በተሞላ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል፤ ልጆች በቀን አራት አምስቴ ምግብ ይበትኑለታል። በሳምንቱ ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ ታች ይተኛል፣ ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ይጀመራል። መድኃኒቱም አይረዳም፤ ዓሣውን የጎዳው ቅዝቃዜና የራሱ ቆሻሻ ነውና።

እዚህ የቀረበው አካሄድ መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዓሣ ነው። ልኬቶቹ ለአንድ ወንድ ቤታና ለ20 ሊትር አኳሪየም የተሰሉ ናቸው። በዋናነት አዲስ አበባንና ሌሎች ደጋ ከተሞችን ይመለከታል፤ ውጭ አገር ላላችሁ የሚለየው ነገር በየቦታው ተጠቅሷል።

ከሁሉ በፊት

ቤታ የሞቃት አገር ዓሣ ነው፤ መነሻው ታይላንድና አካባቢው ነው። የሚስማማው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ22 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፣ ምግብ አይፈጭለትም፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። የአዲስ አበባ ሳሎን ሌሊት ላይ ከዚህ በታች ስለሚሆን ያለ ማሞቂያ ቤታ ማቆየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቤታ ከውሃው በላይ ያለውን አየር እየሳበም ይተነፍሳል። አፉን ከውሃው በላይ ብቅ አድርጎ ሲመለስ ብታዩ አትደንግጡ። የቤቱ ጭስና ሽታም ግን በቀጥታ ይደርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ብቻውን ይኖራል። ሁለት ወንዶች በአንድ ውሃ ውስጥ እስኪጎዳዱ ወይም እስኪሞቱ ይጣላሉ። "ብቻውን ያሳዝናል፣ ሚስት እንግዛለት" የሚለውን የልጆች ልመና አትቀበሉ፤ ሴቷንም ያሳድዳታል። ጓደኛ የሚሆኑት እናንተ ናችሁ፤ እንዴት እንደሆነ በደረጃ 9 ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

- አኳሪየም፦ 40 በ20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ እስከ አፉ ሲሞላ 20 ሊትር ይይዛል። ከ10 ሊትር በታች አትግዙ፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ይሁን፤ ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትና ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ ይሁን። ከተጣበቀ በኋላ 3 ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት ውጭ አስቀምጡና ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዩ።
- ክዳን፦ የግድ ነው። ቤታ ይዘላል። በውሃውና በክዳኑ መካከል 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ክዳኑ በዚያ ክፍተት ያለውን አየር ሞቅ ያለና እርጥበታማ ያደርግለታል።
- ማሞቂያ፦ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር፣ 50 ዋት። ቤታችሁ ሁልጊዜ ከ23 ዲግሪ በላይ ከሆነ 25 ዋት ይበቃል።
- ቴርሞሜትር፦ የማሞቂያው ቁጥር ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይስታል፤ እምነታችሁን በቴርሞሜትሩ ላይ ጣሉ።
- ስፖንጅ ፊልተርና ትንሽ የአየር ፓምፕ፦ የቤታ ክንፍ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ኃይለኛ ፊልተር እያንገላታ ያደክመዋል። ከቱቦው ጋር ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭም ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።
- ጠጠር፦ ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ለስላሳና ድቡልቡል።
- የክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ፣ የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ፣ ለዓሣው ብቻ የሚያገለግል ባልዲ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ጎማ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ማሞቂያ ወይም ፓምፕ ካለ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ አትሰኩ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ መስታወቱ ይፈነዳል፣ ዓሣውም ይቀቀላል።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ውሃው፣ ጠጠሩና መስታወቱ ተደምረው ወደ 30 ኪሎ ይጠጋሉ፤ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፤ ቀን ፀሐዩ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ሌሊት ብርዱ ይገባል።

ቡና የምታፈሉበት ጥግ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። የከሰልና የዕጣን ጭስ ውሃው ፊት ላይ ያርፋል፤ ዓሣው የሚስበውም ያንኑ አየር ነው። ቡናው እዚያው ክፍል የሚፈላ ከሆነ ቢያንስ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ የአየር ፓምፑም ከጭሱ ርቆ ይሁን። ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃ ውስጥ የሚያስገባ መሆኑን አትርሱ።

ፍሊት ግን በዚያ ክፍል ጨርሶ አይነፋ። የትንኝና የበረሮ መግደያዎች በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል። ግዴታ ከሆነ ፓምፑን አጥፉ፣ አኳሪየሙን በፕላስቲክና በፎጣ ሸፍኑ፣ በሩን ዘግታችሁ ሌላ ክፍል ውስጥ ንፉ፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ፓምፑን አታስነሱ።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብለው እንደገና ይውጡ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ደረጃ 3፦ እጠቡና አደራጁ

ሳሙና፣ ኦሞና በረኪና አትጠቀሙ። መስታወቱን በሙቅ ውሃና በአዲስ ስፖንጅ ብቻ እጠቡ። ነጭ የውሃ ጨው ከተጋገረበት በአቼቶ አሽታችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ጠጠሩን በባልዲ ውስጥ እያሻችሁ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡ። ከግንባታ ቦታ ወይም ከወንዝ ያመጣችሁት ከሆነ ሁለት ሦስቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነውና ጣሉት፤ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያውን) እያደር ከፍ ያደርገዋል። ጠጠሩን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ።

መደበቂያ አንድ ወይም ሁለት ይኑር። የሸክላ ዕቃ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ያልተቀባ፣ በጭስ ያልታጠነ፣ ተጥዶ የማያውቅ አዲስ ይሁን። አፉም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይክፈት፤ በጀበና አንገት ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት የሚሞት ዓሣ አለ። ማንኛውንም ጌጥ ከማስገባታችሁ በፊት አሮጌ የሴት ስቶኪንግ በላዩ ላይ ጎትቱ። ስቶኪንጉ ከተሰነጠቀ የቤታውም ክንፍ ይሰነጠቃልና አታስገቡት። ጠንካራ የፕላስቲክ አበባ በዚህ ፈተና ብዙውን ጊዜ ይወድቃል።

ሕያው ተክል ካገኛችሁ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፤ ሥራቸውን ጠጠር ውስጥ ሳትቀብሩ ከድንጋይ ጋር በክር እሰሯቸው። እምቦጭ ወይም ሌላ ተክል ከሐይቅ አታምጡ። ጥገኛ ተሕዋስያንና ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፣ እጁን ውሃ ውስጥ የሚከተው ደግሞ ልጃችሁ ነው። የእምቦጩ ትራፊ ወደ ወንዝ ከተጣለም ይዛመታል።

በስተኋላ ያለውን መስታወት ከውጭ በኩል ወረቀት ለጥፉበት። ወረቀት ከሌለ ቤታው የራሱን ጥላ እያየ ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ሊውል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ውሃውን ከክሎሪን አጽዱ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን የዓሣውን መተንፈሻ ይልጣል፣ በፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩትንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ማጥፊያውን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ።

ማጥፊያ ካላገኛችሁ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት፤ የአየር ፓምፑን ብታስገቡበት ይፈጥናል። አፉ በተዘጋ ጀሪካን ማቆየት አይጠቅምም፤ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃም "ክሎሪኑ ወጥቷል" ብላችሁ አትመኑ፤ ትናንት አዲስ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ውሃ አጋር የተጨመረበት ውሃ ለሰው የተዘጋጀ የክሎሪን ውሃ ስለሆነ ለዓሣው አይሆንም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁ ውሃ በክሎሪን ሳይሆን በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው የሚሠሩት ማከሚያ) የታከመ መሆኑን አጣሩ። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት የሚታደለው ክሎራሚን ያለበት ነው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚን ባልዲ ውስጥ በማሳደር አይወጣም፣ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል። ስለዚህ አሞኒያንም ጭምር የሚይዝ ማጥፊያ ግዙ።

ፒኤች ከ6.5 እስከ 7.5 ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 8 የሚደርስ ቢሆንም ካልተለዋወጠ ቤታ ይለምደዋል። ፒኤች መቀነሻ ኬሚካል አትጨምሩ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲወጣና ሲወርድ ከከፍታው የባሰ ይጎዳዋል።

ደረጃ 5፦ ፊልተሩን ባክቴሪያ አስይዙ (ከ4 እስከ 6 ሳምንት)

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ አብዛኛው ዓሣ የሚሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓሣው ኩስና የተረፈ ምግብ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ውሃ ሲቀየርም ይወጣል። በአዲስ ስፖንጅ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። እንዲህ ታስገኟቸዋላችሁ፦

1. አኳሪየሙን ሙሉ፣ ፊልተሩን አስነሱ፣ ማሞቂያውን ውሃ ውስጥ ካስገባችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሰክታችሁ 27 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ቅዝቃዜ ባክቴሪያውን ያዘገየዋል።
2. በየቀኑ በጣት ጫፍ የሚቆነጠር የዓሣ ምግብ ጨምሩ። በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ንጹሕ፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት የአሞኒያ ፈሳሽ ያገኘ ሰው በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ይጨምር።
3. በየሁለት ቀኑ መርምሩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ከዚያ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ናይትራይቱም ይወርዳል።
4. አሞኒያውን 2 ሚሊ ግራም አድርሳችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ተዘጋጅቷል። በምግብ ብቻ የሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ምግብ እየጨመራችሁ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ሁለቱም ዜሮ ሆነው መቆየት አለባቸው።
5. ግማሹን ውሃ ቀይሩና ዓሣውን ግዙ።

ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ያገለገለ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። እርጥብ እንደሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤታችሁ አድርሱና ፊልተራችሁ አጠገብ አድርጉት፤ ጊዜው በግማሽ ሊያጥር ይችላል።

*በመሐል ውሃው ነጭ ከሆነ፦* የባክቴሪያ መብዛት ነው፤ በጥቂት ቀናት ይጠራል። ውሃውን ደፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ።

*ዓሣው አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ፦* በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ 5 ሊትር ውሃ እየቀየራችሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ 2 ወይም 3 ፍሬ እያበላችሁ 6 ሳምንት ዝለቁ። መመርመሪያ ካላችሁ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በሊትር 0.25 ሚሊ ግራም ሲደርስ ያኑ ዕለት ቀይሩ። አድካሚ ነው፤ ዓሣውን ግን ያተርፈዋል።

ደረጃ 6፦ ዓሣውን መርጣችሁ ግዙ

ጣታችሁን ከመስታወቱ ውጭ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ። ጤነኛ ቤታ ይዞራል፣ ይከተላል ወይም ጉንጩን ይነፋል። ክንፉ የተዘረጋ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ሆዱ ያልጎደለም ያልተነፋም ይሁን። በገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወይም የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ካለ ተዉት። ያሳዘናችሁን በሽተኛ ዓሣ ከመግዛት ተቆጠቡ፤ ለጀማሪ ቤተሰብ የመጀመሪያው ወር በሕክምና ካለፈ ልጆቹ ተስፋ ይቆርጣሉ።

በረጅም ክንፉ ውበት ብቻ አትማረኩ። አጭር ክንፍ ያለው ቤታ ይበልጥ ይዋኛል፣ ክንፉም ቶሎ አይጎዳም፤ ለልጆች ቤት እሱ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ቀስ ብላችሁ አስገቡ

1. መብራቱን አጥፉ። ከረጢቱን እንደታሰረ ውሃው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፉት።
2. ከረጢቱን ከፍታችሁ በየ5 ደቂቃው አንድ የቡና ስኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሩበት፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀጥሉ።
3. ዓሣውን በስኒ ወይም በለስላሳ መረብ አውጥታችሁ አስገቡ። የከረጢቱን ውሃ ወደ አኳሪየሙ አትድፉ።
4. የዚያን ቀን አታብሉት፤ መብራትም አታብሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መደበቅና ቀለሙ መደብዘዝ የተለመደ ነው። ልጆች መስታወቱን እንዳያንኳኩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 8፦ በልኩ አብሉ፣ በየሳምንቱ ቀይሩ

ቤታ ሥጋ በል ነው። ለቤታ የተዘጋጀ፣ የመጀመሪያዎቹ ግብዓቶቹ ዓሣ ወይም ነፍሳት የሆኑ፣ ፕሮቲኑ 40 ከመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ ፍሬ ምረጡ። ዳቦ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሩዝ አይሰጠውም።

ጠዋት 3 ፍሬ፣ ማታ 3 ፍሬ (የፍሬው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ)። ሆዱ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም። አንድ በአንድ ጣሉለት፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ ያልበላውን አውጡ። በሳምንት አንድ ቀን አይብላ። በሳምንት አንድ ሁለቴ በፍሪዘር በረዶ የሆነ ዳፍኒያ (በጣም ትንሽ የውሃ እንስሳ) ወይም የደም ትል ካገኛችሁ በረዶው ቀልጦ ይሰጠው። የትንኝ እጭ ይወዳል፤ ወባ ባለበት አካባቢ ግን ለዓሣ ብላችሁ እጭ አታራቡ።

ከምግቡ ጋር የሚነሳው የቤት ችግር አንዱ ያበላውን ሌላው አለማወቁ ነው። አባት ጠዋት ያበላል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያበላል፣ ሞግዚቷም "ራበው" ብላ ትጨምራለች። የሳምንቱን ምግብ እሑድ ቆጥራችሁ በክኒን መያዣ ሣጥን ውስጥ በየቀኑ ክፍል አስቀምጡ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ዓሣው በልቷል፤ የምግቡ ቆርቆሮ ደግሞ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

በየሳምንቱ እንዲህ አድርጉ፦ ማሞቂያውን ንቀሉና 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ትኩስ እያለ ከውሃ በላይ ከቀረ ይሰነጠቃል። በጎማው ጠጠሩን እየነካካችሁ 5 ወይም 6 ሊትር አውጡ። ክሎሪኑ የጠፋ፣ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ከ1 ዲግሪ በላይ የማይራራቅ ውሃ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ማሞቂያውን ሰኩ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነውና ሶኬቱ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ስፖንጁን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ባወጣችሁት የአኳሪየም ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት በደረጃ 5 የደከማችሁበት ባክቴሪያ ይሞታል። ዕቃውን በሙሉ ባዶ አድርጎ "አንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ ማጠብ"ም ያው ውጤት አለው።

እጅ ከመክተት በፊት በውሃ ብቻ በደንብ መታጠብ፤ ቅባት፣ ሎሽንና ሳኒታይዘር ያለበት እጅ አይገባም። ከወጣ በኋላ በሳሙና መታጠብ፤ የአኳሪየም ውሃ ለቁስል የማይበጁ ጀርሞች ይኖሩበታል። መሰካትና መንቀል የአዋቂ ሥራ ነው።

ደረጃ 9፦ ሥራ ስጡት

ባዶ ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውል ቤታ ይደበራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቦታ ተኝቶ መዋል፣ መስታወት ላይ መመላለስ፣ አልፎም የራሱን ክንፍ መንከስ።

*ማረፊያ።* ከውሃው ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ ሰፊ ቅጠል ይኑር። ወደ ላይ እየወጣ የሚተነፍስ ዓሣ ስለሆነ እዚያ ተጋድሞ ማረፍ ይወዳል። መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ዛፉ ላይ ሙሉ በሙሉ የደረቀ የሙዝ ቅጠል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ታጥቦ ይገባለታል። ውሃውን ቀላ ያደርገዋል፤ ጉዳት የለውም። ሲበሰብስ አውጡት።

*ጣት መከተል።* በምግብ ሰዓት ጣታችሁን መስታወቱ ላይ ከውሃው ፊት ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። ሲጠጋ ወዲያው እዚያው ላይ አንድ ፍሬ ጣሉ። በሚቀጥለው ቀን ጣቱን 5 ሴንቲ ሜትር አንሸራቱ፤ ሲከተል አብሉት። ብዙዎቹ በአንድ በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። የጠዋቱ ሦስት ፍሬ ለዚሁ ይዋል እንጂ ተጨማሪ አይሰጥ።

*ቀለበት ማለፍ።* ጣቱን በሚገባ ሲከተል 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ ቀለበት ውሃ ውስጥ ያዙና ጣታችሁን ከወዲያኛው በኩል አድርጉ። መጀመሪያ ቀለበቱን ብቻ ሲጠጋ ሸልሙት፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ሲያስገባ፣ በመጨረሻ ሲያልፍ። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥ። ምግብ ይዞ ከውሃ በላይ ማስዘለል ግን አታስተምሩት፤ ክዳኑ ክፍት የቀረ ዕለት ወለሉ ላይ ይገኛል።

*መስታወት ማሳየት።* ትንሽ የእጅ መስታወት ከውጭ አሳዩት። ጉንጩን ነፍቶ ክንፉን ሁሉ ይዘረጋል፤ እንቅስቃሴ ይሆነዋል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ከፉከራው ይልቅ የሚሸሽ፣ የሚደበቅ ወይም ጎኑ ላይ አግድም መስመር የሚያወጣ ከሆነ ፈርቷልና አንሱት።

*ለውጥ።* ውሃ ስትቀይሩ አንዱን ጌጥ ቦታ ቀይሩ። የታጠበ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ውሃው ላይ ተዉለት፤ አንዳንዱ ይገፋዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለዋውጡ።

መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ይብራ፤ ማታ ይጥፋ። ቤታም ይተኛል። ውሃው ላይ የአረፋ ክምር ካያችሁ ለጫጩት የሚሠራው ጎጆ ነው፤ ሴት ባትኖርም ይሠራዋል። ውሃው ጥሩ ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ መመርመራችሁን አታቁሙ።

መብራት ሲጠፋ

አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ ከላይ ለአየር ክፍተት ተዉ። አታብሉት። ቤታው ከላይ ስለሚተነፍስ ቶሎ አይታፈንም፤ ኦክስጅን የሚያንሰው ለባክቴሪያው ነው። በየሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥር ጊዜ ያህል መልሱት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብታገኙ ይህን ሁሉ ያስቀርላችኋል።

ሙቀቱ ከ23 ዲግሪ በታች መውረድ ከጀመረ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ አንሳፉት። 60 ዲግሪ የሆነ አንድ ጠርሙስ 20 ሊትሩን 1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በሰዓት ከአንድ አትበልጡ። የፈላ ውሃ አታድርጉ። መብራቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ሲመለስ አሞኒያውን መርምሩ፤ መመርመሪያ ከሌለ 5 ሊትር ቀይሩ።

ሲታመም

ምንም ዓይነት መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱን አንብቡ፣ አሞኒያና ናይትራይት መርምሩ፣ 5 ሊትር ቀይሩ። ብዙው ነገር እዚህ ያበቃል።

*ክንፉ ሲጎድል።* ጠጋ ብላችሁ ጠርዙን እዩ። ጠርዙ የጠቆረ ወይም የቀላ፣ የተበጣጠሰና ቀን በቀን ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የክንፍ መበስበስ ነው። በአንድ ሌሊት ግማሽ ክብ የሚመስል ቁራጭ ጠፍቶ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ራሱን ነክሷል፤ ድብርት ወይም ኃይለኛ ፊልተር ነው፣ ደረጃ 9ን ከልሱ። ለሁለቱም ንጹሕ ውሃ ቀዳሚ ነው። መበስበሱ ካልቆመ ሌላ ንጹሕና የሞቀ ዕቃ ውስጥ አድርጉትና ምንም ያልተጨመረበት ጨው በ4 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ከ10 ቀን አይለፍ። ይህ ዕቃ ፊልተር ስለሌለው ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፤ ጨው የሚጨመረው ለተተካው ውሃ ልክ ብቻ ነው።

*ነጭ ነጥቦች።* ሙቀቱን በ12 ሰዓት 1 ዲግሪ እየጨመራችሁ 30 አድርሱ፤ የአየር ፓምፑን አትንቀሉ። ነጥቦቹን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ቆዳ ላይ እያለ አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ እንዲላቀቅ ያደርገዋል። የነጭ ነጥብ መድኃኒት ካላችሁ በተጻፈው ልክ ስጡ። ነጥቡ ጠፋ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ከጠፋ በኋላ አንድ ሳምንት ቀጥሉ።

*የወርቅ ብናኝ።* ክፍሉን አጨልማችሁ በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ብናኙ በግልጽ ይታያል። አኳሪየሙን በጨርቅ አጨልሙ፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ስጡ። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ካለ አስቀድማችሁ አውጡ፤ መዳብ ይገድላቸዋል።

*ሆዱ ተነፍቶ መዋኘት ሲያቅተው።* ከ2 እስከ 3 ቀን አታብሉት፤ ውሃውን 27 ዲግሪ ላይ ጠብቁ። ከዚያ ዳፍኒያ ስጡት። ቅርፊቱ ተነቃቅሎ ከላይ ሲታይ እንደ ጥድ ፍሬ ከቆመ ግን የውስጥ አካሉ ተጎድቷል፤ የሚድነው ጥቂቱ ነው። ልጆችን አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው።

ዓሣውን ማቆየት ካልቻላችሁ ለሌላ ሰው ስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት።

ለበዓል ስትሄዱ

ጤነኛ ጎልማሳ ቤታ ለ3 ወይም 4 ቀን ሳይበላ ይቆያል፤ ጎረቤት "እንዳይርበው" ብሎ ቆርቆሮውን ከሚገለብጥበት ይህ ይሻላል። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ውሃ ቀይሩ፤ በመሄጃው ዕለት አትቀይሩ፤ ችግር ቢፈጠር የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የመብራቱን ሰዓት አሳጥሩ። ከአራት ቀን በላይ ከሆነ የክኒን ሣጥኑን በየሁለት ቀኑ እንዲበላ ሞልታችሁ ለጎረቤት ስጡ፣ ቆርቆሮውን ቆልፉ፤ ቴርሞሜትሩ ከ24 በታች ወይም ከ29 በላይ ካሳየ እንዲደውልላችሁም ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ።